ጣሳ ቁጥር ሁለት

ባቄላ በራሰ ጥጥ ተጠቅልሎ ሦስት ቀን ሲያድር የሚያወጣው ሽታ አለ። የጎመዘዘም አይደል፣ የበሰበሰም አይደል፤ ዝናብ የመታው ጆንያ ይመስላል። ባለፈው ሳምንት ልጄ ከትምህርት ቤት የታዘዘችውን ሁለት ብርጭቆ ወጥ ቤት መስኮት ላይ ደርድራ "እማ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?" ስትለኝ ሳላስበው ቀኝ እጄን ከኋላዬ ደብቄው ነበር።

በደርግ ጊዜ፣ ልጅ ሳለሁ፣ ጅማ ነበርን፤ እኔ ስድስተኛ ክፍል ነኝ። ወሩ ኅዳር፣ ቡና የሚለቀምበት፣ ከተማው ሁሉ ግቢውን ጠርጎ ቡና የሚያሰጣበት ነው። የገለፈቱ አቧራ ጉሮሮ እየገባ ሰው ሁሉ ይስላል፤ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም በሳል ይሞላል። እናትና አባታችን ከሞቱ ወዲህ እኔንና ታላቅ ወንድሜን ነጂብን ያሳደጉን የአባታችን እህት፣ አዳዳ ዘይነባ ናቸው። ነጂብ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ሥራ ይፈልግ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አልጋው ተነጥፏል፣ እሱ የለም። "አጋሮ ለለቀማ ሄደ" አሉኝ አዳዳ። ሳይሰናበተኝ በመሄዱ ተናድጄ ብዙ ቀን ስሙን አልጠራሁም። ማኩረፍ እችልበታለሁ።

ከጓሯችን ጀርባ የአባቴ የቡና መጋዘን ነበር። ትርፍ ነው ተብሎ ከተወረሰ ቆይቷል። የመንገድ በሩን ቀበሌው ቆልፎ ቀይ ሰም ስላተመበት ማንም አይገባበትም። የኋላ ግድግዳው ግን ጣውላ ነው፤ ከእኛ ጓሮ ጋር ይዋሰናል። አዳዳ በየቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ሳህን ሸፍነው ወደዚያ ጥግ ይሄዱ ጀመር። ሳህኑ በማግስቱ ባዶውን ይመለሳል። አንዳንድ ቀን የሚወስዱት ቡና ቀላ ነው፣ ከነገለፈቱ በቅቤ የተጠበሰ ቡና። ለማን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣

"ለባለቤቶቹ ነው" አሉኝ።

"የትኞቹ ባለቤቶች?"

"ቢስሚላህ በይ! የእነሱ ስም አይጠራም። ሰው የለቀቀውን ቤት ማን ይይዘዋል ብለሽ ነው? ወደዚያ እንዳትደርሺ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ።"

አመንኩ። ለምን አላምን? ጎረቤቶቻችንም በመከር ጊዜ ከቡና ቀላው ቆንጠር አድርገው ለማይታዩት ያስቀምጡ ነበር። እኔን ያስገረመኝ የእኛዎቹ ሆዳምነት ብቻ ነው፤ ሳህኑን ልሰው ነበር የሚመልሱት።

የሳይንስ መምህራችን ጋሼ አለሙ በዚያ ዓመት ከጎጃም ተመድበው የመጡ፣ ቀጭን፣ ነጭ ካፖርታቸውን ከቤታቸው ለብሰውት የሚወጡ ሰው ነበሩ። ላብራቶሪ የምንለው አንድ ቁምሳጥን ነው። ውስጡ የተሰነጠቀ አጉሊ መነጽር፣ ሁለት የመስታወት ቱቦና አልኮል ውስጥ የተዘፈዘፈ እባብ ነበረበት። ጋሼ ግን ሰሌዳው ላይ ዩኒቨርሲቲ እንደሚያስተምር ሰው በትልቁ ይጽፉ ነበር፦ ዓላማ፣ መሣሪያ፣ አሠራር፣ የታየ፣ መደምደሚያ።

"የአካባቢያችሁ ሀብት ቡና ስለሆነ፣" አሉ አንድ ቀን፣ "እያንዳንዳችሁ በሁለት ጣሳ የቡና ፍሬ ትዘራላችሁ። ጣሳ ቁጥር አንድ ፀሐይ ላይ፣ ጣሳ ቁጥር ሁለት ፍጹም ጨለማ ውስጥ። በአሥራ አራት ቀን ሪፖርት ታስረክባላችሁ።"

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔ እጄን አወጣሁ። "ጋሼ፣ ቡና እኮ ብቅ ለማለት ሁለት ወር ይፈልጋል።"

አፈሩ፤ ግን አልተቆጡም። ቡና የሚለውን በዳስተር አጥፍተው ባቄላ ብለው ጻፉ። "አያችሁ? ያየ ሰው ያላየውን አስተማሪ ያርመዋል። እናንተም ያያችሁትን ብቻ ጻፉ። የመሰላችሁን አይደለም፤ የሰማችሁትንም አይደለም።" ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኳቸው። አንደኛ የምወጣ ልጅ ስለነበርኩ መምህር ሲያመሰግነኝ ነፍሴ ነበር።

ጣሳ ቁጥር አንድ አላስቸገረኝም፤ አጥር ላይ አስቀመጥኩት። ቁጥር ሁለትን አልጋ ሥር ባደርገው ዶሯችን ጭራ በላችብኝ። ሳጥን ውስጥ ብደብቀው አዳዳ ልብስ ሲያወጡ ከፈቱት። ቤታችን አንድ ክፍል ሆኖ ሁለት መስኮት አለው፤ ፍጹም ጨለማ የሚባል ነገር አልነበረንም። ከጓሯችን ወዲያ ግን ሞልቶ ተርፏል።

የመጋዘኑን ጣውላ ከታች በኩል ምስጥ በልቶት ክንድ የሚያስገባ ክፍተት ነበረው። ጠዋት አዳዳ ውሃ ሊቀዱ ሲወጡ በሆዴ ተኛሁና ሰይጣን ያርቃል የሚባለውን የቁርአን አንቀጽ፣ አያተል ኩርሲን፣ ቀርቼ ጣሳውን ወደ ውስጥ ገፋሁት። ውስጡ ይቀዘቅዛል። የአሮጌ ቡናና የጆንያ ሽታ አለው። ከዚያ ሥር ደግሞ ሌላ ቀጠን ያለ ሽታ ነበር፤ የማውቀው ይመስለኛል፣ ግን የምን እንደሆነ አልመጣልኝም። ጂኒ ባቄላ አይበላም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ቡና ቀላ በቅቤ እየቀረበለት ጥሬ ባቄላ ማን ይነካል?

ደብተሬ ላይ እንዲህ ተጻፈ።

"ቀን አንድ። አምስት ባቄላ፣ ጥጥ፣ ውሃ እስከ ግማሽ። ምንም አልታየም።"

"ቀን ሦስት። ቆዳው ተሰነጠቀ። ውሃው እስከ ግማሽ ነው። እኔ አልጨመርኩም።"

ውሃው መቀነስ ነበረበት። ቁጥር አንድ እየደረቀብኝ ሁለት ጊዜ ጨምሬበታለሁ። ጨለማ ውስጥ ውሃ አይጎድል ይሆናል ብዬ አለፍኩት። በአምስተኛው ቀን ግን እጄን ሳስገባ ጣሳው ካስቀመጥኩበት የለም። ዳበስኩ፤ አቧራ፣ የቡና ፍሬ፣ አንድ ሚስማር። ክንዴ እስከ ትከሻዬ ገባ፣ ጉንጬ ጣውላው ላይ ተለጠፈ። ያን ጊዜ ከውስጥ ጣሳ መሬት ላይ ሲንሸራተት ሰማሁ። ቀስ እያለ መጣና መዳፌ ውስጥ ገባ።

እንዴት ከዚያ እንደተነሳሁ አላስታውስም። ራሴን ያገኘሁት ጓሮው መሃል ቆሜ፣ ጣሳውን በሁለት እጄ ይዤ ነው። ጣሳው ሞቅ ብሎ ነበር። ሰው ለረጅም ጊዜ በእጁ አቅፎት የቆየ ነገር ነው እንዲያ የሚሞቀው።

ሌላ ልጅ ቢሆን እዚያው ጥሎት ይሮጥ ነበር። እኔ ግን ሪፖርት አለብኝ። ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩ፤ "ቀን አምስት። ሁለቱ ባቄላዎች በቀሉ። ቁመት ግማሽ ጣት። ጣሳው ወደ እኔ መጣ። ጣሳው ሞቋል።"

ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ፤ ፍርሃትም ይለመዳል። በየጠዋቱ በሆዴ እተኛለሁ፣ እቀራለሁ፣ "አዑዙ ቢላህ! ከዚህ ቤት ውጣ! ሂድ!" እላለሁ፣ እጄን አስገባለሁ። ጣሳው ክፍተቱ አፍ ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል። ስቀራ ውስጡ ጸጥ ይላል። ባዶ ቤት ጸጥ ሲል አውቃለሁ፤ ይህ እንደዚያ አልነበረም፤ ትንፋሹን የያዘ ነገር ነበር። ዶሮዋ እንኳ ወደዚያ ጥግ አትሄድም። አንድ ጠዋት ሳል ሰማሁ፣ በጨርቅ የታፈነ፣ አጭር። ማታ እራት ላይ አዳዳን "ጂኒ ያስለዋል?" አልኳቸው።

ማንኪያቸው አየር ላይ ቆመ። "በኅዳር የማያስለው ማን አለ?" አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ "የት ሰማሽ? እንዳትቀባጥሪ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።"

ዝም አልኩ። በአፌ ማለቴ ነው፤ ደብተሬ ዝም አላለም።

"ቀን ስምንት። ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲገባው አረንጓዴ ሆነ። ግንዱ ወደ መንገዱ በኩል ዘመመ።"

"ቀን አሥር። ግንዱ እንዳይወድቅ በጆንያ ክር ከስንጥር ጋር ታስሯል። እኔ አላሰርኩም። ቋጠሮው ድርብ ነው።"

"ቀን አሥራ አንድ። ጣት ነካኝ። ጥፍር አለው። ቶሎ ሸሸ።"

"መደምደሚያ። ጂኒ ተክል ይወዳል።"

አጠገቤ የምትቀመጠው ሰናይት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ልጅ ነበረች። አባቷ ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄዱትን ወጣቶች ስም ቢሮው በር ላይ የሚያስለጥፉ፣ ያልቀረበውን ቤት ለቤት የሚያስፈልጉ ሰው ናቸው። ከሰፈራችን ሄዶ የተመለሰ እስከዚያን ጊዜ አላየሁም ነበር። ሰናይት ራሷ ክፋት አልነበራትም፤ ስንፍና ብቻ። ባቄላዋ በስብሶባት "አስገልብጪኝ፣ እባክሽ" አለችኝ፤ ሰጠኋት። ቃል በቃል ገለበጠችው። አሠራር ላይ "በአባቴ አሮጌ መጋዘን ውስጥ" ያልኩትን እንኳ ሳታስተካክል፣ ጂኒውን ከነጥፍሩ ወሰደችው።

ጋሼ አለሙ ጥሩ ሪፖርት ሲያገኙ ለክፍሉ የማንበብ ልማድ ነበራቸው። ሰኞ ጠዋት ሲገቡ የእኔ ከሁሉ በላይ ተቀምጧል። ጨዋ ለመምሰል አንገቴን ደፍቼ ስሜ እስኪጠራ ጠበቅሁ።

"ራህማና ሰናይት፣ ውጡ።"

ወጣን። ጋሼ ከንፈራቸው ደርቆ ነበር።

"እነዚህ ሁለት ሪፖርቶች ውሸት ናቸው" አሉ ለክፍሉ። "ጨለማ ውስጥ ያለ ተክል አረንጓዴ አይሆንም። ጣሳቸውን ፀሐይ ላይ ረስተውት በጂኒ ያመካኛሉ። ዜሮ።"

ደሜ ፈላ። "ጋሼ፣ ወላሂ ያየሁትን ነው የጻፍኩት! ኑና እዩ! ክፍሉ ሁሉ ይምጣ! መጋዘኑ..."

ማስመሪያው ቀኝ እጄ ላይ አረፈ። ጋሼ ማንንም መትተው አያውቁም ነበር። መጋዘን የሚለውን እንደገና ልጀምር ስል እንደገና አረፈ። ሁለቱንም ሪፖርት ቦጫጭቀው ኪሳቸው ከተቱና እኔን ብቻ ወደ ደጅ ወሰዱኝ።

"አሁኑኑ ወደ ቤትሽ ሂጂ። ለአክስትሽ እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው፦ ባቄላዬ ብርሃን አይቷል፤ በመንገድ በኩል ቀዳዳ አለ፤ ከውጭ ይታያል። ድገሚው።"

እያለቀስኩ ደገምኩት።

"በዚሁ ቃል። ለሌላ ለማንም አይነገርም።"

መንገዱን ሁሉ ስረግማቸው ሄድኩ። ያመመኝ እጄ አይደለም፤ ውሸታም መባሌ ነው። ጋሼ ራሳቸው ያስተማሩኝን ፈጽሜ በዚያው ተቀጣሁ! አዳዳ ትምህርት ቤት ድረስ ሄደው ልክ ያገቡልኛል ብዬ ተማምኜ ነበር። ግቢው ውስጥ የተሰጣውን ቡና እያገላበጡ አገኘኋቸው።

"ማል ታቴ?" አሉ እጄን አይተው። ምን ሆነሽ ነው ማለታቸው ነው።

ሁሉንም ዘረገፍኩት። ጣሳውን፣ ውሃውን፣ ጥፍሩን፤ በመጨረሻም የመምህሩን ቃል እንደታዘዝኩት። አዳዳ የተሰጣው ቡና ላይ ቁጭ አሉ። ቡና ላይ መቀመጥ በቤታችን ነውር ነበር።

"ሌላ ማን አነበበው?"

"ሰናይት ገልብጣዋለች።"

"ያ ረቢ" አሉ በቀስታ። ተነሥተው ሻሻቸውን አጠበቁ። "ቁርአን ቤት ሂጂ። ሳልልክብሽ እንዳትመጪ።"

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተልኮብኝ ተመልሼ በቀጥታ ወደ ክፍተቱ ሄድኩ። ጣሳው አፉ ላይ የለም። እጄን አስገብቼ ጠበቅሁ፤ የሚንሸራተት ነገር አልነበረም። መዳፌን ከፍቼ ረጅም ጊዜ ቆየሁ። መጋዘኑ አሁን በእርግጥ ባዶ ነበር፤ ከሁሉ ቀን አብልጬ የፈራሁትም ያን ቀን ነው።

በማግስቱ የሰናይት አባት ጠመንጃ ከያዙ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ጋር መጡ። ሰናይት ሪፖርቷ እንደተቀደደባት አልቅሳ ነግራቸዋለች፤ እሳቸው ደግሞ በጂኒ የሚያምኑ ሰው አይደሉም። ሰሙን ሰብረው በሩን ሲከፍቱ ብርሃኑ እስከ ኋላው ግድግዳ ገባ። ወለሉ ንጹሕ ተጠርጓል። በመንገድ በኩል፣ ከራሱ ከበሩ ጣውላ ላይ አንድ ክብ የእንጨት ዓይን ወልቆ ቀዳዳው በጨርቅ ተወትፏል። ጣሳ ቁጥር ሁለት ጥጉ ላይ ተቀምጧል፤ ባቄላዬ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

"ይህ የማን ነው?" አሉ ሊቀመንበሩ።

"የእኔ ነው።"

"ማን አሰረው?"

አዳዳን አየኋቸው። መሬት መሬት እያዩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚቀሩት እኔ በየጠዋቱ የምቀራውን ነበር። ምን እየሆነ እንደነበር አልገባኝም። ግን ከአፌ የሚወጣው ነገር ሰው ሊያስገድል እንደሚችል ገባኝ።

"እኔ ነኝ ያሰርኩት።"

"ጂኒ ነው ብለሻል አሉ?"

"ዋሽቼ ነው። አጥር ላይ አብቅዬው እዚህ ደበቅሁት። ቀዳዳውንም የከፈትኩት እኔ ነኝ። ለዚህ ነው ጋሼ ዜሮ የሰጡኝ፤ ይጠይቋቸው።" ያበጠውን እጄን ዘረጋሁላቸው።

እጄን አገላብጠው አዩት። አንደኛው ጠመንጃ ያዥ ሳቀ። ሊቀመንበሩ አልሳቁም፤ ትምህርት ቤት ሄደው ጠየቁ፣ ሮስተሩንም አዩ። ዜሮው በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎ ቆይቷቸዋል።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ አዳዳ እቤት አስገብተው በሩን ዘጉ። "ነጂብ ነበር" አሉኝ። ስሙ ለውትድርና ከወጣ ቀን ጀምሮ፣ ከኋላው ግድግዳ አንድ ጣውላ ነቅለው አስገብተው መልሰው መትተውበት፣ እዚያ ነበር፤ ቀበሌው ራሱ ያተመውን በር ማን ይጠረጥራል ብለው ነው። የመምህሩ ቃል እንደደረሳቸው የእሳቸውን ጥቁር ቀሚስና ሻሽ አልብሰው፣ በጠራራ ፀሐይ ከለቃሚ ሴቶች ጋር በሰርቦ መንገድ የጭነት መኪና ላይ አሳፈሩት።

"ቀዳዳውን ተው ብዬው ነበር" አሉ። "አልሰማኝም። እኔስ ልደበቅ፣ ባቄላዋ ማንን በደለች? አለኝ።"

ያ ቀጭን ሽታ የነጂብ የፀጉር ቅባት ነበር። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ቤት ውስጥ ኖሬ ወንድሜን በሽታው አላወቅኩትም። ይህ ሳያንስ በየጠዋቱ ደጁ ላይ ተኝቼ ውጣ፣ ሂድ እያልኩ ቀርቼበታለሁ፤ እሱም ትንሽ እህቱ እንደ ሰይጣን ስታባርረው ትንፋሹን ይዞ ሰምቷል። ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ዜሮው ሮስተሩ ላይ ቀረ፤ መቅረትም ነበረበት። በመንፈቅ ዓመቱ አራተኛ ወጣሁ። ጋሼ አለሙ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተናገሩኝም፤ ሰላም ስላቸው ግን ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው እጄ ላይ ነበር። የነጂብ ወሬ ጠፋ። አዳዳ በሰላት መሐል ድምፃቸው እየተቆረጠ ይቆማሉ፤ እኔም የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወደ በር እሮጣለሁ።

ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል ቡና የጫነ መኪና በራችን ላይ ቆመ። ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ በመስኮት አንገቱን አወጣ።

"ራህማ አንቺ ነሽ?"

"አዎ።"

"አንድ ለቃሚ ልኮኝ ነው። ደህና ነኝ ብሏል።" ግራ ቀኙን ቃኘ። "አንድ ነገር ደግሞ ጠይቅልኝ ብሎኛል። ሪፖርቷን አበላሽቼባት ይሆን? ስንት አገኘች? ነው ያለው።"

አዳዳ ከኋላዬ ቆመው የሻሻቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ይዘዋል።

"አሥር ከአሥር በለው" አልኩት።